ሥራ የፈታ ይፍረድ

«ጡረተኞቻችን ጊዜ ስላላቸው ለሽምግልና ይመቻሉ።»

ይህን ያለው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ማይክራፎን የጨበጠ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ባለ ክራቫት ነው። የአዳራሹንም የእሱንም ስም አልጠራም። ከጎፋ፣ ከመካኒሳ፣ ከለቡ፣ ከጀሞ የተለቀምን ሠላሳ የምንሆን ሽበታሞች ነበርን። ከዘራ የያዘ አለ፣ ጋቢ የደረበ አለ፣ እንደኔ የልጁን አሮጌ ጃኬት የለበሰም አለ። ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ ታደለ፤ ስለ 1234/2013 አዋጅና ስለ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ትንሽ ተነገረን፤ ከዚያ ይህች አረፍተ ነገር መጣች። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ! ንዴቱ የያዘኝ ዘግይቶ ነው፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሀና ማርያም ስደርስ።

ጊዜ ስላላቸው! ያስተውላሉ አላለም። ሰው ይሰማቸዋል አላለም። ውሸትም ቢሆን «ልምድ አላቸው» ማለት አያቅተውም ነበር። ከእኔ የፈለገው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ አበል የማይጠይቅ፣ አለቃውን ማስፈቀድ የማያስፈልገው አካል ነው። ለዚህ ለዚህማ ሐውልትም ይበቃል።

60 የሞላኝ ዕለት ማኅተሙን ከነቁልፉ አስረክብ ተብያለሁ። ደብዳቤ ለመፈረም አርጅተሃል ማለት ነው። ደብዳቤ ለመፈረም ያረጀው ሰውዬ፣ በሰው ትዳር፣ በሰው ውርስ፣ በሰው አጥር ላይ ለመፍረድ ሲሆን ግን ገና ለጋ ነው። ይህን ሒሳብ የሚያስረዳኝ ባገኝ ቡና እጋብዘው ነበር።

ደግሞ የትኛው ጊዜ ነው ያለኝ? ሌሊት 9 ሰዓት ውሃ ስትመጣ ተነስቶ ሮቶ የሚሞላ ማነው? የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ የጡረታ ሰልፍ የሚሰለፍ፣ የዕድር ድንኳን ሲተከል «አንተማ እቤት ነህ» ተብሎ የሚጠራ ማነው? ሥራ ያለው ሰው ሥራ አለኝ ብሎ ያመልጣል። እኛ ማምለጫ የለንም።

ሽምግልናው ባህላችን ነው ይሉናል። የትኛው ባህል? በድሮው ዘመን ሁለት ባላጋራዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ «በሕግ አምላክ» ብለው ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ያስቆሙ ነበር። ያ ሰው አህያውን ጭኖ ገበያ እየሄደ ነው። ጤፉን ካልሸጠ ጨው አይገዛም፣ ጀንበሯም አትጠብቀውም። ቢሆንም ይቆማል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው በላ ልበልሃ ሲባባሉ ይሰማል፣ ይፈርዳል። አህያው ጭነቱን እንደተሸከመ ጆሮውን እያወዛወዘ ይጠብቃል። «ጊዜ አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ቢጠይቁትማ የለኝም ይል ነበር፤ ዳኝነቱም እዚያው ያበቃ ነበር።

አውጫጭኙስ? አንዳንዶች አፈርሳታ የሚሉት። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪጠቆም መበተን የለም። ገበሬ ከእርሻው ታግቶ ይሰነብት ነበርና ክፉ ጎን እንዳለው አውቃለሁ፣ ይመለስልኝም አልልም። ግን አራሹን ትቶ እሳት ዳር የተቀመጠውን አዛውንት ብቻ የጠራ አውጫጭኝ አልሰማሁም። ደርግ እንኳ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር አቋቁሞ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሲያስቀምጥ፣ እኔ የማውቃቸው ዳኛ ቀን ሳሪስ ፋብሪካ ውለው ማታ ቱታቸውን ሳይቀይሩ ችሎት የሚሰየሙ ሰው ነበሩ። እንቅልፍ እያዳፋቸው ይፈርዱ ነበር፤ ግን ነገር ይገባቸው ነበር። በ1995 ቻርተር የተደነገገው ማኅበራዊ ፍርድ ቤትም እስከ 5,000 ብር ያለውን ክርክር የሚያይ የሕግ ተቋም እንጂ የጡረተኛ ማቆያ አልነበረም።

«ሽማግሌ» የሚለው ቃል ሳያሳስታቸው አልቀረም። ሚስት ልትጠይቅ ስትል የምትልከው የ35 ዓመት ጓደኛህም የዚያን ዕለት ሽማግሌ ነው። ስሙ የሥራው ነው፣ የጸጉሩ አይደለም።

የደረሰብንን ልንገራችሁ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ የእኛ ብሎክ። ምድር ቤት ያለችው ሴትዮ የውሃ ዳይናሞ አስገባች፤ ከ2ኛ ፎቅ በላይ ጠብታ ጠፋ። ሦስት ጡረተኞች ተጠራን። ሦስት እሑድ ደረጃው ሥር በላስቲክ ወንበር ተቀምጠን አደመጥን፤ ቡና ተፈላ፣ ይቅር ተባባሉ አልን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሰኞ ጠዋት ያው ጠብ። ስለ ዳይናሞ አንዳችን የምናውቀው ነገር የለማ! በአራተኛው እሑድ 3ኛ ፎቅ ያለው ኤሌክትሪሺያን የዕቃ ቦርሳውን አንግቶ ከሥራ ሲገባ አንዷ ጎረቤት «አንተ ልጅ፣ እስቲ ና ፍረድ» አለችው። «ደክሞኛል» እያለ መጣ። ቧንቧውን በባትሪ አየና «ዳይናሞው በቀጥታ ከመስመሩ እየሳበ እኮ ነው፤ ከሮቶው እንዲስብ አድርጉት» ብሎ ሽቅብ ወጣ። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተነሳም። ልጁን ያን ሁሉ ሳምንት ለምን አልጠራነውም? ሥራ ስላለው።

ሥራ ያለውን ሰው የሚጠራም አገር አለ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ዜግነት ከወሰደ በኋላ ለጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ለሚመረጥ ፈራጅነት፣ ትፈለጋለህ የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፤ ሥራ አለኝ ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሄዶ ተቀመጠ። እዚያ ዕድሜው 70 የሞላ ሰው ተዉኝ ካለ ይተዉታል። እነሱ ዘንድ ዕድሜ መቅሪያ ነው፤ እኛ ዘንድ መጠሪያ። እንግሊዞችማ በእነሱ አቆጣጠር ከ2004 ወዲህ ዳኛውንና ጠበቃውን ራሱን ለጁሪ ይጠራሉ፣ የቀድሞ ማምለጫቸውን ዘግተው።

የእኛው ባለ ክራቫት ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ማክሰኞ 3 ሰዓት የባልና ሚስት ጉዳይ አለ፣ ይመችዎታል?»

ይመቸኛል አልኩት፤ አንተም አጠገቤ የምትቀመጥ ከሆነ።

ሳቀ። «ማክሰኞማ ሥራ ላይ ነኝ እኮ ጋሼ!»