ህመሙ "እየገጠመ ነው" ማለት አይደለም!



በወላይታ አንድ ልጅ ከማንጎ ወይም ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ክንዱ ይታሻል፣ ይጎተታል፣ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ማታ ልጁ ሲያለቅስ "ቻለው፣ እየገጠመ ነው" ይባላል።

እየገጠመ አይደለም! ክንዱ ደም አጥቶ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

የተሰበረ አካል ከጉዳቱ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን እያበጠ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ልክ የነበረው ማሰሪያ ማታ ያንቃል። ደም የማይደርሰው ጡንቻ ደግሞ በ6 ሰዓታት አካባቢ ውስጥ ወደማይመለስ ጉዳት ይገባል።

"ሐኪም ቤት ከሄደ ይቆርጡታል" የምትሉ አላችሁ። የሚቆረጠው እኮ ታስሮ ሰንብቶ፣ ጠቁሮና ሸትቶ የመጣው ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ አብዛኛው የልጆች ስብራት በጄሶ ይድናል።

"ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ይረክሳልም" ትላላችሁ። ልክ ነው፤ ከሁምቦ ወይም ከገሱባ ሶዶ ድረስ መምጣት ወጪ አለው። ያለ እጅ ማደግ ግን ዕድሜ ልክ ያስከፍላል። ሶዶ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አሉ።

ልጅዎ ሲጎዳ፦

1. አያሹ፣ አይጎትቱ፣ የወለቀውን ለመመለስ አይሞክሩ።
2. ቀለበትና አምባር ቶሎ ያውልቁ።
3. የተጎዳውን አካል ባለበት ሁኔታ በካርቶን ወይም በእንጨት ደግፈው ላላ አድርገው ይሰሩ። ክንድ ከሆነ በነጠላ አንገት ላይ ያንጠልጥሉ።
4. ቁስል ካለ ንጹህ ጨርቅ ያልብሱት። ቅቤ፣ ቡና ወይም አመድ አያድርጉበት። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።
5. ወለምታ ከሆነ ያሳርፉት፣ ከፍ ያድርጉት፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ20 ደቂቃ ያድርጉበት። መርገጥ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል።

ታስሮ ከሆነም ጣቶቹን ይመልከቱ። ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሲዘረጉ በጣም ካመሙት ወይም ህመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን አሁኑኑ ይፍቱ! ወጌሻው እስኪመጣ ወይም እስኪነጋ አይጠብቁ። ፈትተው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ይህ ከወጌሾች ጋር ጠብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአገራችን ጥናት፣ ወጌሾች የአንድ ቀን ስልጠና ከወሰዱ በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል። እናንተ ወጌሾችም ጥብቅ ማሰሩን ተዉ፤ እብጠት ወይም ቁስል ስታዩ ወደ ሆስፒታል ላኩ።

ልጅ በስብራት ምክንያት እጁን ማጣት የለበትም። ይህን ለጎረቤትዎና ለሰፈርዎ ወጌሻ ሼር ያድርጉ።