ደቻቱ ደረቅ ሲሆን የምንረሳው ነገር



የድሬ ልጆች፣ በተለይ ፕሮግራም በማዘጋጀት የምትለፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ባለፈው ክረምት የሰፈር ልጆች ሆነን የኳስ ውድድር ልናዘጋጅ ተሰበሰብን። ስለ ማልያው፣ ስለ ዋንጫውና ስለ ድምፅ ማጉያው ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ቦታው ግን በአንድ ደቂቃ ተወሰነ። «ደቻቱ አሸዋው ላይ ይሁን፤ ሰፊ ነው፣ ኪራይም የለው!» አንድ ታላቅ ወንድማችን ብቻ «ጎርፍ ቢመጣስ?» አለ። «ሰማዩን አታየውም እንዴ፣ ጥርት ብሏል!» ተብሎ ተሳቀበት።

እሱ 1998ን ያስታውሳል። እኛ አብዛኞቻችን ያኔ ወይ አልተወለድንም፣ ወይ እናታችን ጀርባ ላይ ነበርን። ከሐምሌ 29 ወደ 30 በሚያነጋው ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሰው ከነእንቅልፉ ወሰደ። ከ200 በላይ ነፍስ አለፈ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። አላህ ይዘንላቸው። ደቻቱ ደግሞ ጎርፍ የሚያመጣው ድሬ ላይ ሲዘንብ ብቻ አይደለም። ከላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ አሸዋውን ወንዝ ያደርገዋል። ስለዚህ የድሬን ሰማይ አይቶ መወሰን አይበቃም፤ ወደ ደንገጎ ተራሮችም ማየት ያስፈልጋል።

«ቀደር ነው፣ ከተጻፈልን አናመልጥም» የሚል አይጠፋም። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰው አማክረው ከመንገድ ተመለሱ። ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ተብለው ሲጠየቁም፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው ቀደሩ መሄድ እንደሆነ አስረዱ። የሙስሊሞች መሪ ጉዞ ሲሰርዙ ያላፈሩትን እኛ ውድድር ለማዘዋወር ለምን እናፍራለን? ሰበብ ማድረስ ተወኩልን አያጎድልም።

ሐሳቤ ቀላል ነው። ገና ስለ ገንዘብ ሳይወራ «ሰው በምን ሊጎዳ ይችላል?» ብለን እንጠይቅ። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው እንመድብ፤ አስጊ ነገር ካየ ፕሮግራሙን የማስቆም ሥልጣን ይኑረው። ለዚያራ ወደ ሐረር ስንወጣ መኪናው ትርፍ አይጫን፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ በጨለማ አንውረድ። ኢፍጣር ስናዘጋጅ ለሕፃናትና ለአዛውንት መውጫ መንገድ ክፍት ይሁን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሰው እግር ሥር አይዘርጋ። እናት ልጇን «ከእናንተ ጋር ከሆነ ይሂድ» ብላ ስትልክ አማና ሰጥታናለች።

ውድድሩን በመጨረሻ ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ አዛወርነው። የዚያን ቀን ጎርፍ አልመጣም፤ «አላልናችሁም?» ብለው የቀለዱብን አሉ። ይቀልዱ። የተጠነቀቀ ሰው ያዳነውን ማንም አይቆጥርለትም። ልጆቹ ግን ማታ ሁሉም እናታቸው ቤት ገብተዋል። አልሐምዱሊላህ!