ብርሃን ከብርሃን ሲጋጭ

ማታ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ከወዲህና ከወዲያ የሚመጡ መኪናዎች መብራት ሳይነካካ ይተላለፋል። ኃይላቸው እጅግ የበረታ ሁለት ፎቶኖች ሲጋጩ ግን ሜሶን ሊወለድ ይችላል። ከሜሶኖች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተገኘው ገለልተኛ ፓዮን፣ ወዲያው ተመልሶ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፎቶን ይሆናል፤ ተመራማሪውም የእነዚህን ጉልበትና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ለክቶ የተወለዱትን ይቆጥራል።

እኛ ግን «መሣሪያው የለንም» እያልን ቀመሩን ሸምድደን ፈተና እናልፋለን። ይህ ምክንያት እንግዲህ ይብቃ! በጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው ሰርን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከግጭት መዝገቦቹ ብዙዎቹን ለማንም በነፃ ከፍቷልና፤ በእነዚህም ፎቶኖችን እያጣመሩ ቅንጣት መፈለግን መለማመድ ይቻላል። መለካት መቁጠር ብቻ ሳይሆን የራስን ስሕተት መገመትም ነው፤ ይህም በሽምደዳ አይገኝም።

ስለዚህ መምህሮቻችን በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን እንዲፈቅዱልን እንጠይቃለን።