ርካሹ ሞተር የሚያስወጣው ወጪ

በአሜሪካ የመንደር ጋራዦች ውስጥ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚደገም ክርክር አለ። አራት አምስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ያረጀ ማዝዳ ሚያታ ወይም እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ቢኤምደብሊው ይገዛሉ። መኪናው ገና ከተጎተተበት ተሽከርካሪ ላይ ሳይወርድ አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ያይና “ለምን ቪ8 አንገጥምለትም?” ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ፍሬን የሚያወራ ሰው አይገኝም።

ይህን ክርክር በብዛት የሚያስነሳው 24 አወርስ ኦፍ ሌመንስ የተባለው የአማተሮች ውድድር ነው። ጄይ ላም የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአልታሞንት ትራክ ላይ ጀመረው። ስሙም መንፈሱም በፈረንሳዩ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ የሚያሾፍ ነው። ዋናው ደንብ አጭር ነው፤ መኪናው ከነዝግጅቱ ከ500 ዶላር በላይ ሊፈጅ አይገባም። ሾፌሩን ከአደጋ የሚጠብቁት ነገሮች፣ ማለትም በውስጥ የሚበየደው የብረት ማቀፊያ፣ ወንበሩና ቀበቶው፣ እንዲሁም ፍሬንና ጎማ ከሂሳቡ ውጭ ናቸው። ዳኞቹ መኪናውን ዞረው ያዩና “ይሄማ በ500 ዶላር አልተሠራም” ካሉ፣ ውድድሩ ሳይጀመር የቅጣት ዙር ይቆልሉበታል። ስሙ 24 ሰዓት ይበል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውድድሩ ለቅዳሜና ለእሁድ ተከፍሎ በድምሩ 14 ወይም 15 ሰዓት ያህል ነው የሚነዳው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል።

የሞተር ምርጫው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚለካው አንዱን ዙር በስንት ሰከንድ እንደዞሩ አይደለም፤ ስንት ዙር እንደዞሩ ነው። ቪ8 የሚያልሙት ጓደኛሞች በልባቸው የሚወዳደሩት ግን ሌላ ውድድር ነው፤ ከቀይ መብራት እስከ ቀይ መብራት ያለውን።

ምኞታቸው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርቬት ላይ ያስተዋወቀው ኤልኤስ የተባለው የቪ8 ሞተር ቤተሰብ ከ1999 ጀምሮ በሲልቨራዶ ፒክአፕ፣ ቀጥሎም በታሆና በሰበርባን ላይ ገብቶ አገሩን አጥለቅልቆታል። ባለ 5.3 ሊትሩ የብረት ብሎክ ሞተር እንደ ዓመተ ምርቱ ከ270 እስከ 295 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ግቢ ሁሉ ይገኛል፤ ዋጋውም አያስደነግጥም። የመጀመሪያዋ ሚያታ ደግሞ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ይዛ 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት፤ ክብደቷም አንድ ቶን አይሞላም። ጉልበቷን ከእጥፍ በላይ የሚያደርግ ሞተር በርካሽ ከተገኘ ማን ጠላ?

ችግሩ ሞተር ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ሚያታ ውስጥ እንዲቀመጥ የፊቱ የብረት ተሸካሚ መቀየር ወይም ተቆርጦ መበየድ አለበት። የድሮው ካምቢዮ ለዚያ ጉልበት አልተሠራም፤ ስለዚህ ሌላ ካምቢዮ፣ ከሌላ ካምቢዮ ጋር ሌላ ፍሪሲዮን፣ ከሁለቱ ጋር በልኩ የተቆረጠ ትራስሚሽን ያስፈልጋል። የ1.6 ሊትሯ ሚያታ ዲፍረንሻል ትንሽ ቱርቦ ሲጨመርበት እንኳ በመሰበር የታወቀ ነው፤ በቪ8 ፊት ብዙ አይቆይም። ራዲያተሩም ይለወጣል። ቤንዚን ከሚሰጠው ኃይል ሲሶው ገደማ ብቻ ጎማ ለማዞር ሲውል፣ ሌላው ሲሶ በጭስ ይወጣል፣ የቀረው ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ጉልበት በእጥፍ ሲጨምር ራዲያተሩ የሚያስወጣው ሙቀትም በእጥፍ ይጨምራል ማለት ነው፤ ያውም ለትንሽ ሞተር በተሠራ አፍንጫ ውስጥ። ሞተሩን በርካሽ የገዛው ቡድን ይህን ሁሉ ሲደምር የሞተሩ ዋጋ ከደረሰኞቹ ሁሉ ትንሹ ሆኖ ያገኘዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው የማያስበው ኮፓውን ነው።

በመንገድ መኪና ላይ ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ባለው ኮፓ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ የዘይት ፖምፓው በአንዲት ቱቦ ከታች እየሳበ ወደ ላይ ይረጨዋል። ትራክ ላይ አንድ ረጅም ጥምዝ አለ እንበል፤ መኪናው ጥሩ ጎማ ይዞ ስድስት ሰባት ሰከንድ ሙሉ በአንድ ጎኑ ተደግፎ ይዞራል። ዘይቱ በዚያ ጊዜ ወደ ኮፓው አንድ ግድግዳ ይወጣል፤ የቱቦዋ አፍ ባዶ ትቀራለች፤ ፖምፓው ዘይት መሳቡን ትቶ አየር ይስባል። ብሮንዚኑ ላይ ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ይጠፋና ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል። አንዴ ቢሆን ያልፋል። ግን ያው ጥምዝ በየሁለት ደቂቃው ይመጣል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከ200 ጊዜ በላይ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ከሥሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ብዙም ሳይቆይ ቢየላው ብሎኩን በስቶ ይወጣል። የሌላ መኪና ሞተር ሲገጠም ደግሞ ይህ አደጋ ይብሳል። የፒክአፑ ኮፓ ጥልቅ ስለሆነ ዝቅ ባለ መኪና ሥር አስፋልት ይነካል፤ ስለዚህ በቀጭን ኮፓ ይለወጣል፤ ቀጭኑ ኮፓ ደግሞ ዘይቱን የባሰ ያንገላታዋል። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ በኮፓው ውስጥ ዘይቱን አግቶ የሚይዝ ክፍልፋይ ላሜራ መበየድ ነው። ሆኖም ኤልኤስ ሊገጥም የተነሳ ቡድን ሽቦውን ሲፈታታ ሦስት ወር ያልፈውና ለኮፓው የሚተርፍ ቅዳሜ አያገኝም።

ሽቦውም የራሱ ጣጣ አለው። የዘመኑ ሞተር ኮምፒውተር ከቁልፉ፣ ከካምቢዮው፣ ከጭስ ማውጫው መልእክት ይጠብቃል። አንዱ ሲጎድልበት ጭራሽ አይነሳም፤ ቢነሳም ጉልበቱን ቆልፎ ይይዛል። ኪሱ የሚፈቅድለት ራሱን የቻለ የውድድር ኮምፒውተር ይገዛል፤ እሱም ብቻውን ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል።

ይሁን፣ ሁሉም ነገር ተሳካ እንበል። ቪ8ቷ ሚያታ ያለ እንከን ትራክ ላይ ወጣች። የድሮዋ ሚያታ 45 ሊትር ቤንዚኗን ይዛ ሁለት ሰዓት ገደማ ትነዳለች፤ አዲሷ በዚያው ታንክ ከዚያ በጣም ቀድማ ለቤንዚን ትገባለች። በሌመንስ ቤንዚን ሲቀዳ ሞተር ይጠፋል፣ ሾፌሩም ከመኪናው ይወርዳል፤ አንዱ ማቆሚያ አምስት ደቂቃ ቢወስድ 300 ሰከንድ ነው። ሞተሩ በየዙሩ ሁለት ሰከንድ ቢያተርፍ ያቺን አንዲት ማቆሚያ ለማካካስ 150 ዙር ያስፈልጋል። አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ በሚወስድበት ትራክ ይህ አምስት ሰዓት ነው። ፍሬኑም አለ፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ፍጥነት በአሥር በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ቢያንስ በ21 በመቶ ያድጋል፤ ሸራው ቀድሞ ያልቃል፣ እንደገና መቆም ይመጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሂሳብ ነው።

ሻምፕካር የሚባለው ሌላው የአማተሮች ውድድር ደግሞ ጉዳዩን በቁጥር ይዞታል። ለእያንዳንዱ የመኪና ሞዴል ነጥብ ይሰጣል፤ ሞተር የለወጠ ቡድን ጉልበትና ክብደትን ባገናዘበ ስሌት ነጥብ ይጨመርበታል፤ ከ500 ነጥብ ያለፈ በቅጣት ዙር ይጀምራል። ሞተሩ የሰጠውን ደንቡ ገና በመነሻው ላይ መልሶ ይወስደዋል።

ታዲያ ሞተር ጨርሶ አይለወጥ ማለት ነው? አይደለም። የሚያዋጣው ከዘመድ መውሰድ ነው። ባለ 1.6 ሊትር ሚያታ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1994 ወዲህ የገባውን 1.8 ሊትር ሞተር ቢያስገባ ትርፉ 12 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ከ116 ወደ 128። ግን ሞተሩ በነባሩ ቦታ ይቀመጣል፣ ካምቢዮው ያው ነው፣ ሽቦው ላይ ያለውም ሥራ መጠነኛ ነው። በኢ30 ቢኤምደብሊው ላይ ትርፉ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። 325ኢ ተብሎ ለቤንዚን ቁጠባ የተሠራው ባለ 2.7 ሊትሩ 121 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ወንድሙ 325አይ በ2.5 ሊትር 168 ያወጣል። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሮች ስለሆኑ አንዱ በወጣበት ሌላው ይገባል፤ ኮምፒውተሩንና ሽቦውን አብሮ ማምጣት ብቻ ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለሞተሩ ቺንጋ ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ስለዚህ አሮጌ ቺንጋ ይዞ ትራክ ላይ የሚወጣ ሰው ድፍረቱ ከልክ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 የተሠራችው ባለ 102 ፈረስ ሆንዳ ሲቪክም ከዘመዷ ከኢንቴግራ 142 ፈረስ ያለውን 1.8 ሊትር ሞተር ከነካምቢዮውና ከነመቀመጫዎቹ ትቀበላለች።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ሞተሩን ለብቻው ከመግዛት ኋላው የተጋጨ ሙሉ ኢንቴግራ መግዛት ይሻላል። ካምቢዮው፣ ኮምፒውተሩ፣ የሽቦው ጥቅል፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ትንሹ ቡሎን ሳይቀር እዚያው ላይ ነው። የተረፈው በር፣ መስታወትና ወንበር ይሸጣል፤ ሌመንስም ከተሸጠው ዕቃ የተገኘውን ከ500 ዶላሩ ሂሳብ ላይ ለመቀነስ ይፈቅዳል።

ለአዲስ አበባ መካኒክ የዘመድ ሞተር መግጠም እንግዳ ነገር አይደለም። ሞተሩ ግሪፖ ላደረገበት ደንበኛ መካኒኩ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ፈረስ ጉልበት አይደለም፤ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚገኘው የትኛው ነው የሚል ነው። የከተማው ሰው ዲኤክስ የሚላት ቶዮታ ኮሮላ የኋላ ጎማ የምትነዳ ቀላል መኪና ስለሆነች በአውስትራሊያ ወጣቶች ዘንድ የውድድርና የድሪፍት መኪና ናት። 1290 ሲሲ የሆነው 4ኬ ሞተሯ ሲደክም በቶዮታ ላይትኤስ ላይ የገባው 1486 ሲሲ 5ኬ ከሞላ ጎደል በነባሩ ቦታ ይቀመጣል። የአሜሪካው አማተር በብዙ ዶላር ኪሳራ የሚማረው የዘመድ ሞተር ትምህርት እዚህ የዕለት እንጀራ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህም ያለውን መኪና በሌላ ሞተር ማቆየት የብዙ ባለንብረት ጉዳይ ሆኗል። በአገር ቤት አንድ የሚጨመር አለ፤ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ሞተሩን የለወጠ ያንን ሳያስተካክል ቦሎ ለማሳደስ ሲሄድ ጣጣ ይጠብቀዋል።

የቪ8 ወዳጆች የሚያነሱት አንድ ጠንካራ ክርክር አለ፤ እሱም ደስታ ነው። በሌመንስ ትልቁ ሽልማት የሚሰጠው ብዙ ዙር ለዞረው አይደለም፤ ሊሠራ በማይችል መኪና ያልተጠበቀ ውጤት ላመጣው ነው። በአንድ ወቅት ሰባት ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩ የአውሮፕላን ሞተር በቶዮታ ኤምአር2 ጀርባ ላይ ገጥሞ የመጣ ቡድን ነበር። እንዲህ ያለውን እብደት የሚቃወም ሰው ውድድሩን አልተረዳውም። ለሳቅ የተገጠመ ሞተር ቢፈነዳም ሥራውን ሠርቷል።

በመካከል ያለው ነው የሚያሳዝነው፤ ለማሸነፍ ብሎ ቪ8 የገጠመው። እብደቱ ለሽልማት አይበቃ፣ ዙሩ ለአሸናፊነት አይበቃ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሌሎቹ ሲዞሩ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ውሃው እስኪበርድ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። አራቱ ጓደኞቹ የራስ ቁራቸውን ይዘው ተራቸውን ሳያገኙ ይመሻል።

ስለዚህ መኪና ሊገዙ ገንዘብ ያዋጡ ጓደኛሞች የመጀመሪያውን ውድድር በፋብሪካው ሞተር እንዲጨርሱ ይመከራል። ምን እንደሚሞቅ፣ ምን እንደሚላላ፣ ዘይቱ በየትኛው ጥምዝ ላይ እንደሚሸሽ በዚያ ያያሉ። ከዚያ በኋላም መለወጥ ካሰኛቸው፣ ሞተሩን ከመግዛታቸው በፊት የካምቢዮውን፣ የዲፍረንሻሉን፣ የራዲያተሩን፣ የኮፓውንና የኮምፒውተሩን ዋጋ አንድ ወረቀት ላይ ይደምሩ። ድምሩ ከመኪናው ዋጋ ካለፈ ገንዘቡን ለፍሬን ሸራና ለአዲስ ራዲያተር ያውሉት።