በብድር የተገኘ ንቃት

ፈተና በቀረበ ቁጥር በየማደሪያ ክፍላችን አንድ ልማድ ይበረታል። ደብተር ከመገለጡ አስቀድሞ ጫት ይገዛል፤ ለውዙና ውኃው ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ «አሁን ማንበብ ይቻላል» ይባላል። በአገራችን ጫት መሸጥም ሆነ መቃም በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ለዘበኛና ለፖሊስ ትተን ልናልፈው አንችልም።

ጫት ማንቃቱን ማንም አይክድም። በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከለምለሙ ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አውጥቷል፤ ይህም በጠባዩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይደክማል፤ የአወዳይ ነጋዴ ጫቱን ለገበያ ለማድረስ የሚጣደፈውም ስለዚህ ነው።

ዳሩ ግን ንቃቱ የብድር ንቃት ነው። በምርቃናው ሰዓት ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይጠፋሉ። በማግሥቱ ዕዳው ይጠየቃል። ድካምና ድብርት ይከተላሉ፤ አእምሮ በእንቅልፍ ሰዓት ሊያጸናው የሚገባው ትምህርትም ሳይጸና ይቀራል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚወጣ ደግሞ በዕዳው ላይ ዕዳ ይደርባል። አብዝተው ከሚቅሙት መካከል እስከ አእምሮ መታወክ የሚደርሱም አሉ።

የልማዱም ስፋት ቀላል አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከወንዶች 27 በመቶው፣ ከሴቶች 12 በመቶው በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ጫት ቅመዋል።

«አባቶቻችንም ይቅሙ ነበር» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በሐረርም በወሎም ጫት ከዱዓና ከሽምግልና ጋር ኖሯል። እዚያ ግን ቀን አለው፤ ሥርዓት አለው፤ «ይበቃል» የሚል ሽማግሌ አለው። በማደሪያ ክፍል «ይበቃል» የሚል ማን ነው? ለጥናት ተብሎ የተጀመረው ልማድ ጥናቱ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም። ከቤት ለደብተርና ለሳሙና የተላከው ገንዘብም ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መምህራኖቻችን ፈተናውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ከመከመር ይልቅ በየጊዜው ቢከፋፍሉት፣ ሌሊቱን ሙሉ የማንበብ ግዳጅ ይቀንሳል። አስተዳደሩም የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓት ቢያራዝም፣ ጸጥታ ፍለጋ ወደ በርጫ ቤት የሚሄደው ተማሪ ሌላ መጠጊያ ያገኛል። ማኅበራችን የማታ የጥናት ቡድኖችን ያቋቁም። እኛም በልማዱ የተያዘውን ወንድማችንን ወይም እኅታችንን «ጀዝባ» እያልን መሳለቁን ትተን፣ ወደ ሐኪም አብረን እንሂድ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያነበበ ተማሪ፣ በፈተናው ዋዜማ ንቃት መበደር አያስፈልገውም፤ ተኝቶ ያድራል።