መዋጮው ይነገረናል፤ ሒሳቡስ?

ሰፈራችን አየር ጤና ነው። ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲ ረዳት “አየር ጤና፣ አየር ጤና!” እያለ ሲጣራ የሰማ እንግዳ የምንኖረው በገነት ደጃፍ ሊመስለው ይችላል። ነፋሱስ ደግ ነው። መታፈን የሚጀምረው ከመንግሥት ት/ቤቱ በር ሲገቡ ነው። ሦስትና አራት ልጅ ባንድ ዴስክ ተጣብቆ፣ የተሰበረ መስኮት በካርቶን ተደፍኖ ትምህርት ይሰጣል።

ይህን የምለው በወሬ ሰምቼ አይደለም፤ የራሴ ልጅ እዚያው ይማራል። የት/ቤቱን ስም ግን አልጠራም። ነገሩ የአንድ ት/ቤት ወይም የአንድ ርዕሰ መምህር ኃጢአት አይደለምና።

ባንድ እሑድ ጧት “አስቸኳይ የወላጆች ስብሰባ” ተባለና ሥራችንን ጥለን ሄድን። ባለጉሊቷ ጉሊቷን፣ አናጢው መጋዙን ትቶ መጣ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፦ መዋጮ። ለጥበቃ ደሞዝ፣ ለመፀዳጃ ቤት ጥገና፣ ለወንበር። ሰብሳቢው “በፈቃደኝነት ነው” አሉን። ወዲያው ደግሞ ያልከፈለ ወላጅ ስሙ እንደሚመዘገብ አስጠነቀቁን። የዘመኑ ፈቃደኝነት እንግዲህ እንዲህ ነው!

ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። “ልጄ፣ ክፈሉ ካላችሁን እንከፍላለን። ያምናው ግን ምን ላይ ዋለ? መንግሥትስ የመደበው ስንት ነው?” አዳራሹ ጸጥ አለ። መልሱ አጭር ነበር፦ “እናቴ፣ ይኼ ከአጀንዳው ውጭ ነው።”

ከአጀንዳው ውጭ! የዚህ ጽሑፍ አጀንዳ ግን እሱው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሕጉ እንነሳ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4፣ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ ግዴታ እንጂ ውለታ አይልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ እንደሚሆን ቃል ገብቶ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው የአመራር፣ የአደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ወላጅና መምህር ባንድ ኮሚቴ ተቀምጠው የት/ቤቱን ሥራ እንዲከታተሉ ተባለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለየት/ቤቱ ድጎማ መስጠት ተጀመረ።

እንግዲህ ለት/ቤት የሚመጣው ገንዘብ ከአንድ በላይ በር አለው። አንዱ የመንግሥት በጀት ነው፣ አንዱ ድጎማ ነው፣ አንዱ የኛ ኪስ ነው። ለኛ የሚነገረን ግን ሦስተኛው ብቻ! የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የተባለውም ሒሳብ ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ገንዘብ ሰብሳቢ ሆኖ አረፈው።

የተሠራውን መካድ ነውር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ አስተዳደር ለመንግሥት ት/ቤት ልጆች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረቡ ስንቱን እናት አሳርፏል። በባዶ ሆዱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ የነበረው ልጅ በልቶ እንዲማር ሆኗል። እሰየው! ግን “ልጅህን እያበላንልህ ደግሞ ምን ትጠይቃለህ?” የሚል ሹም ካለ፣ ገንዘቡ ያቺው ባለጉሊት ከጨውና ከስኳሩ ጋር የምትከፍለው ግብር መሆኑን አንድ ሰው ሹክ ይበለው።

እኛም ብንሆን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ዝንቡስ አልገባ፤ ለልጆቻችን ግን ትምህርቱም አልገባ! የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥና ኩረጃው ሲከለከል ገመናችን አደባባይ ወጣ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ት/ቤቶች 1,161 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ ሲባል “መሻሻል” ተባለ። ከመቶው ከዘጠና በላዩ ወድቆ! ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ተብሎ ታለፈ። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማራቸው ት/ቤት ምን ተሰጥቶት፣ ምን ጎድሎት እንደነበረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

“ሒሳብ መለጠፍ ምን ያመጣል?” ለሚሉ የኡጋንዳን ታሪክ ላውጋቸው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 የኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች ከላከው ድጎማ በአማካይ ት/ቤት ደጃፍ የደረሰው 13 በመቶ ብቻ መሆኑን የዓለም ባንክ ጥናት አጋለጠ። (ዓለም ባንክ ስል ጎረቤታችን ያለውን ሰፈር ማለቴ አይደለም።) የቀረው በየመንገዱ ቀለጠ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የሚልከውን ገንዘብ በጋዜጣ ያወጣ፣ በት/ቤት በርም ያስለጥፍ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፤ ነገር ግን ጋዜጣና አንድ ወረቀት ያደረጉት ቀላል አልነበረም።

እኛስ ብንሆን የወላጅ ድምፅ ምን እንደሚሠራ አናውቅም? በየካቲት 1966 ዓ.ም. “ሴክተር ሪቪው” የተባለው ዕቅድ የደሃን ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳያልፍ ሊያደርገው ነው ተብሎ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ ወላጅም ሲያጉረመርም፣ የንጉሡ መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገዷል። ዛሬ የምንጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ አንድ ወረቀት! ከወረዳው የተመደበው ይኼ ነው፣ የደረሰን ይኼ ነው፣ ወላጅ ያዋጣው ይኼ ነው፣ የወጣው እዚህ ላይ ነው የሚል ወረቀት በት/ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ኮሚቴውን ከወረዳ ተጽፎ የመጣ ስም ዝርዝር ሳይሆን ወላጅ ራሱ ይምረጠው። መክፈል ያቃተው ወላጅም ልጁ በጓደኞቹ ፊት አይሸማቀቅበት።

እኚያ እናት በመጨረሻ ከመቀነታቸው ፈትተው የተባለውን ከፈሉ። ደረሰኝ ሲጠይቁ “አልቆብናል፣ ሰኞ ይምጡ” ተባሉ።

ሰኞ ጧት ከበሩ ቆመው አየኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ወላጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ብቻቸውን አንተዋቸው!