ክቡን አትዝጉት

ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ ያለውን ሜዳ የይርጋጨፌ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ልጆች ሁለት ከበሮና አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ይወጡና ይመታሉ። አላፊ አግዳሚው ይቆማል፤ የቆመው ያጨበጭባል፤ ያጨበጨበው ብዙም ሳይቆይ ክቡ ውስጥ ይገባል። ተመዝገብ የሚል የለም፣ ክፈል የሚል የለም፣ አትችልም የሚል የለም። ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ ይሳቃል፤ ሲመሽ ሁሉም ላቡን ጠርጎ ወደየቤቱ ይሄዳል።

የሰሞኑ ነገር ግን አብግኖኛል። ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ፤ ጭፈራውን አዩ፤ ወደዱት። መውደዳቸው ደግ ነበር። ወዲያው ግን «ይሄ ነገር መልክ ይያዝ» ተባለ። ፈተና ተዘጋጀ። ቁመታቸው የተቀራረበ 12 ወጣቶች ተመረጡ፤ ለእንግዳ የሚጨፍር የባህል ቡድን ይሁኑ፣ ልብስ ይሰፋላቸው፣ ልምምዱም አዳራሽ ውስጥ ይሁን ተባለ። ከበሮዎቹም አብረው አዳራሽ ገቡ። ባለፈው ቅዳሜ ሜዳው ላይ የቀረው ጀሪካኑ ብቻ ነው። የአዳራሹ በር ተዘግቷል፤ ልጆች በመስኮት ሲያዩ «ልምምድ አትረብሹ» እየተባሉ ይባረራሉ።

ውጭ ከቀሩት ሰዎች አንዷን ላስተዋውቃችሁ። ስድሳን ያለፉ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡ እናት ናቸው። መጀመሪያ ወደ ሜዳው የመጡት ውሃ ሳይቀዳ የወጣባቸውን የልጅ ልጃቸውን ሊጠሩ ነው። ልጁን ከክቡ ሊጎትቱ ሲሉ አንዲት ወጣት እጃቸውን ያዘችና «እማማ፣ አንዴ ብቻ!» አለቻቸው። ያን ቀን አልገቡም፤ ቆመው አዩ። በሌላው ቅዳሜ ከዳር ሆነው አጨበጨቡ። ከዚያ አንድ ቀን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ገቡ። ቀኝ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መዝለል አይችሉም፤ በግራ እግራቸው ረገጥ ያደርጉና ቀኙን መሬት ለመሬት ያስከትሉታል። ትከሻቸው ግን ምንም አልሆነ። አጠገባቸው ያሉት ልጆች ይህን አረጋገጥ ወደዱትና ቀዱት፤ ውሎ አድሮ ክቡ ሁሉ ግራውን እየረገጠ ቀኙን ማስከተል ያዘ። አንድ ቀን ስለ ጉልበታቸው ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ይሄ ጉልበት ቤት ስሆን ነው የሚያስታውሰኝ፤ እዚህ ስመጣ ይረሳኛል» አሉኝ።

ያ አረጋገጥ አሁን ከ12ቱ ጋር አዳራሽ ገብቷል። አምጪዋ ውጭ ቀርተዋል። ቁመታቸው ከማን ጋር ይመጣጠናል?

ከነጩ የፕላስቲክ ወንበር ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። በዓል በመጣ ቁጥር ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ባለ ወንበሩ ተቀምጦ ያያል፣ ጨዋታው የራሱ የሆነው ሕዝብ ደግሞ ከገመድ ማዶ ይቆማል። ጭፈራውን ከአያቱ የተማረው ሰው የገዛ ጭፈራው ተመልካች ሆኖ ይውላል። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የነበረውን የኪነት ቡድን የሚያስታውሱ ታላላቆቼ እዚህ ላይ «ያኔ ይሻል ነበር» እያሉ ይከራከሩኛል። ዘፈኑ ከላይ የሚታዘዝ እንደነበር፣ ውዳሴው እንደበዛበት እነሱም አይክዱም። ነገር ግን የትም ቀበሌ ብትሄድ ክራር የሚነካበት፣ ከበሮ የሚመታበት፣ እስክስታ የሚለመድበት ክፍል ነበር፤ የሰፈር ልጅ ማታ ማታ መሄጃ ነበረው። ውዳሴው ይቅርና ክፍሉ በቀረልን እላለሁ።

«ሁሉም ከገባበት ጥራት የለውም» የሚሉኝ አሉ። ለነሱ አዱኛን ልጥቀስላቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ በ«ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ መድረክ ላይ አወጣቸው። የእነዚያን ልጆች ቁመት ማንም አልለካም፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት መድረክ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ የዳንስ ቡድን የተወለደው ከዚያ ነው። እርግጥ ነው፣ ከመቶዎቹ ጥቂቶቹ ለረጅም ሥልጠና ተመርጠዋል። ግን ምርጫው የመጣው በሩ ለሁሉም ከተከፈተ በኋላ ነው፤ የሠለጠኑትም ተመልሰው ሌሎችን አስተማሩ፤ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሚደንሱበት ቡድን እስከማቋቋም ደረሱ። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው የዳንስ ባለሙያ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር እንዲሠራ ተመርጧል። ማልዱም ራሱም በዚህ መንገድ ገፍቶበት በርሊን ውስጥ ከታላቁ የከተማዋ ኦርኬስትራ ጋር 250 ልጆችን አስደንሶ፣ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2004 ፊልም ሆኖ ወጣ። ጥራት የሚሉ ሰዎች ይህን ይዩልኝ።

ደግሞስ እኛ ይህን ከውጭ መማር አለብን? ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ጊዶሌ ላይ ደራሼዎች ፊላ ይነፋሉ። እያንዳንዱ ሰው የያዘው የቀርከሃ ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ብቻውን ቢነፋ ዜማ አይሆንም። ሰዎቹ ክብ ሠርተው እየረገጡ፣ እየዞሩ፣ ተራ በተራ ሲነፉ ነው ዜማው የሚሰማው። ጨዋታው ያለ ብዙ ሰው አይሆንም፤ አንዱ ጎበዝ ተመርጦ ቢወጣ ዜማው ይጎድላል።

የእኛውንም ተመልከቱ። በለቀማ ወቅት ማታ ላይ ወደ አንዱ ቡና መፈልፈያ ጎራ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ገንዳ ውስጥ ያደረው ቡና ወደ ማጠቢያው ቦይ ሲለቀቅ ሰዎቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ይገባሉ። ረጅም እጀታ ባለው ጣውላ ቡናውን ከውሃው አንጻር ወደ ላይ ይገፉታል። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ሲቀበሉ እግራቸው በአንድ ላይ ይረግጣል፣ ጣውላው በአንድ ላይ ይገፋል። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሌሊቱ ይረዝማል፣ ዘፈኑ ግን አይቋረጥም፤ ቢቋረጥ ክንድ ይዝላል። አዲስ የመጣ ልጅ ሥራውን የሚለምደው ዘፈኑን በመቀበል ነው። የይርጋጨፌን ቡና በዓለም ዙሪያ የሚጠጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያ ዘፈን የታጠበ ቡና ነው የሚጠጣው፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ክቡ ለጤናም ነው። ገበሬውማ እንቅስቃሴ አልጎደለውም። ዳገት ወጥቶ ዳገት የሚወርድን ሰው ስፖርት ሥራ ማለት ነውር ነው። የጎደለብን ከተማ የገባነው ነን። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚቀመጠው ሾፌር፣ ከባንኮኒ ጀርባ የሚውለው ባለ ሱቅ፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ልጆቿ ሐዋሳና አዲስ አበባ የሄዱባት እናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ከስድስት ሰው አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው አስታወቀ። ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች ይህን ሳያነቡ ሁለቱንም በአንድ ከበሮ ሲያክሙ ነበር። ጤና ጣቢያ «እንቅስቃሴ አድርጉ» ተብለው የተመለሱ ሰዎች ብቻቸውን አስፋልት ላይ መሮጥ ያፍራሉ። ክብ ውስጥ ግን ማን ያፍራል?

ባህል ይበረዛል የሚሉት ደግሞ ጀሪካን ሲመታ ይከፋቸዋል። በጥር የጌዴኦ የምስጋና በዓል ደራሮ ሲከበር ከየሶንጎው (ከየመሰብሰቢያ ቦታው) ተነሥቶ እያዜመ የሚመጣውን ሕዝብ ይዩ፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አብሮ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቡናውና እንሰቱ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር እንዳሉ፣ ሰውም እየኖረበት፣ እየኮተኮተው ነው የተመዘገበው። ቅርሳችን ሰው የሚኖርበት ከሆነ ጨዋታችንን ለምን አዳራሽ ውስጥ እንቆልፍበታለን? በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያኖቻችን መዘምራን ከሁላችንም ይበልጣሉ። እሑድ ጠዋት መዘምራኑ ሲነሡ ምእመኑ አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ያጨበጭባል፣ አብሮ ይወዛወዛል፤ ድምፅህ አያምርም ተብሎ ከጉባኤ የተባረረ ሰው አላየሁም።

ይህን ስጽፍ ሌላ ነገር ልቤ ላይ መጣ፤ ልተወው አልቻልሁም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል ትምህርት ቤቶቻችንና ቤተ ክርስቲያኖቻችን በሰው ሞልተው አይተናል። የሁለቱ ሕዝቦች አባቶች ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ አላቸው፤ ትልቅ ነገር ነው፣ እግዜር ያቆይልን። ወጣቶቹ ግን ከዕርቅ በኋላ የት ይገናኛሉ? ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ ገበያ ላይ ደግሞ አንዱ ሻጭ ነው፣ አንዱ ገዢ። ባለፈው በጋ ከጉጂ በኩል ፍየል ሸጦ የሚመለስ ጎረምሳ ሜዳው ዳር ቆሞ አየሁት። ዱላውን ለአንዱ ልጅ አስያዘና ገባ። አረጋገጡ ከኛ ይለያል፤ ከበሮ መቺው ልብ ብሎ አየውና ምቱን ቀየረለት። ክቡም ተከተለው። ከየት እንደመጣ የጠየቀው አልነበረም፤ ሲወጣ ዱላውን የያዘለት ልጅ «ሳምንትስ?» አለው። ጎረምሳው ሣቀና «እመጣለሁ» አለ። መጥቶም ነበር።

አሁን ቢመጣ የተዘጋ በር ነው የሚያገኘው።

12ቱ ልጆች ጥፋት የለባቸውም፤ ጎበዞች ናቸው፤ ቢሠለጥኑ፣ ልብስ ቢለብሱ፣ ድሬዳዋም ጎንደርም ሄደው ቢጨፍሩ ደስታዬ ነው። የምለምነው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ከነከበሯቸው ሜዳው ላይ እንዲሆኑ ነው። መሥሪያ ቤቱም አንድ ነገር ያድርግልን። የልብሱ ገንዘብ ገና ካልወጣ ግማሹን ለቆርቆሮና ለግንድ ያውለው። ሜዳው ዳር ስምንት ቋሚ ተተክሎ ጣሪያ ቢለብስ ክረምት ላይም ይጨፈራል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትም ጭቃ ላይ አይንሸራተቱም። ግድግዳ አያስፈልገውም፤ በር ደግሞ ጨርሶ እንዳይሠሩበት።